ሌድ ዜፕሊንና የሙዚቃ ጋዜጦች፦ «ሃያሲዎቹ ሁሉ ይጠሏቸው ነበር» የሚባለው እስከ ምን ድረስ እውነት ነው?

ባለ12ክር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊንና ስለ ዘመኑ የሙዚቃ ጋዜጦች ጠብ ረዘም ያለ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በየቦታው የሚነገረው ታሪክ አንድ ነው፦ ሃያሲዎች ባንዱን ገና ከጅምሩ አብጠለጠሉት፣ አድማጩ ግን ወደደው፤ ባንዱም ተቀይሞ ለጋዜጠኛ ጀርባውን ሰጠ፣ በ1971 አልበሙን ያለ ስም አወጣ። ታሪኩ ከሁሉም አፍ እንዲህ አንድ ሆኖ መውጣቱ ያጠራጥረኛል።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ የጠቡ መነሻ የቱ ጽሑፍ ነው፣ መቼ ወጣ፣ ምንስ ይላል? ሁለተኛ፣ የባንዱ ዝምታ ከቅሬታ የመጣ ነው ወይስ የንግድ ስልት? ሦስተኛ፣ የድሮዎቹን ጋዜጦች ለማጣራት ምን ዓይነት አሠራር ትመክሩኛላችሁ? ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚገለበጠውን ጥቅስ ትቼ ዋናውን ገጽ ማየት ነው የምፈልገው።

የሸክላ ጠርዝ

ከቀኖቹ ጀምር፤ የመልሱ ግማሽ እዚያ ነው ያለው።

ባንዱ የመጀመሪያውን የአሜሪካ የኮንሰርት ጉዞ የጀመረው ዲሴምበር 26 ቀን 1968 ዴንቨር ላይ ነው። የመጀመሪያው አልበም አሜሪካ ውስጥ ጃንዋሪ 12 ቀን 1969 ወጣ፤ ባንዱ ያኔ ገና መንገድ ላይ ነበር። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ሂስ ደግሞ ማርች 15 ቀን 1969 የሚል ቀን ባለው እትም ላይ ነው የታተመው። በመካከሉ ሁለት ወር አለ። በዚያ ሁለት ወር ባንዱ ሳን ፍራንሲስኮ በፊልሞር ዌስት፣ ቦስተን በቲ ፓርቲ ተጫውቷል፤ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ረጃጅሞቹን ዘፈኖች ሳይቆርጡ አሰምተዋል፤ አልበሙም የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ኋላም አሜሪካ ላይ እስከ 10ኛ፣ እንግሊዝ ላይ እስከ 6ኛ ደረጃ ደርሷል። ስለዚህ «ሂሱ ሊቀብራቸው ነበር» የሚለው አነጋገር ከቀን መቁጠሪያው ጋር አይስማማም። ሂሱ ሲደርስ አድማጩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

ጸሐፊው ጆን ሜንደልሰን ነው። ነገሩን ወደ ሦስት ነጥብ መጨመቅ ይቻላል። ባንዱ የጊታሪስቱ የጄፍ ቤክ ባንድ ከሆነው ከጄፍ ቤክ ግሩፕ የተለየ ነገር አላመጣም፤ የዜፕሊኑ ጂሚ ፔጅ ጎበዝ ጊታር ተጫዋች ቢሆንም እንደ ፕሮዲዩሰርና እንደ ዘፈን ደራሲ ደካማ ነው፤ ዘፋኙ ሮበርት ፕላንትም የጄፍ ቤክ ግሩፕ ዘፋኝ የነበረውን የሮድ ስቱዋርትን ያህል አይማርክም። ብዙ ሰው ይህን ሲጠቅስ «ለምን ከጄፍ ቤክ ጋር?» ብሎ አይጠይቅም። የጄፍ ቤክ አልበም የወጣው ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1968 ነው። የዊሊ ዲክሰን «ዩ ሹክ ሚ» ሁለቱም አልበሞች ላይ አለ። ይባስ ብሎ፣ በጄፍ ቤክ ቅጂ ላይ ኦርጋን የተጫወተው የኋላው የዜፕሊን ባሲስት ጆን ፖል ጆንስ ነው። ቤክም ፔጅም የወጡት ያርድበርድስ ከተባለው ባንድ ነው። ሁለቱን ሸክላዎች አከታትሎ ላደመጠ ሰው ንጽጽሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፍርዱ ግን ተሳስቷል እላለሁ። ምክንያቱም ሜንደልሰን የፔጅን ዋና ሥራ፣ ማለትም ማይክሮፎኑን ከከበሮው አርቆ የክፍሉን አየር አብሮ መቅዳቱን፣ ድምፁ ከሹክሹክታ ወደ ነጎድጓድ የሚሄድበትን መንገድ፣ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሮክ የተማረው ግን ከዚሁ ነው።

ሁለተኛው አልበም ኦክቶበር 1969 ወጣ፤ የሮሊንግ ስቶን ሂስ የዲሴምበር 13 እትም ላይ ነው። ጸሐፊው ያው ሜንደልሰን ነው። አሁን ሂስ እንኳን አልጻፈም፤ ልቡን የሳተ አድናቂ መስሎ በፌዝ ነው የጻፈው። ባንዱን ይበልጥ ያስቆጣው ይህኛው ይመስለኛል፤ ለክርክር መልስ ይገኛል፣ ለፌዝ ግን አይገኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ዲሴምበር 27 ላይ፣ አልበሙ ቢትልስን ከአንደኛ ደረጃ አውርዶ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በዚያው መጽሔት የወጡትን ተመልከት። ሦስተኛውን አልበም (1970) የገመገመው ሌስተር ባንግስ ነው፤ ግምገማው የተደበላለቀ ሆኖ «ዛትስ ዘ ዌይ» የተባለውን ዘፈን ከልቡ አወድሷል። አራተኛውን (1971) ሌኒ ኬይ አሞገሰው፤ ኋላ የፓቲ ስሚዝ ጊታሪስት የሆነው ሰው ነው። አምስተኛውን (1973) ጎርደን ፍሌቸር አጣጣለው። ስድስተኛውን (1975) ጂም ሚለር ከፍ አድርጎ ጻፈለት። እንግዲህ «ሮሊንግ ስቶን ሁልጊዜ ይጠላቸው ነበር» የሚለው በዘጠኝ ወር ውስጥ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች ጥላ ነው፤ በ1973 አንድ ተጨመረበት።

እንግሊዝ ሌላ ዓለም ናት። ሜሎዲ ሜከር በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ክሪስ ዌልች ከመጀመሪያው ጀምሮ ከባንዱ ጎን ነበር። በሴፕቴምበር 1970 የዚሁ ጋዜጣ የአንባቢዎች ምርጫ ዜፕሊንን አንደኛ አድርጎ የቢትልስን የስምንት ዓመት ተከታታይ አሸናፊነት ቆረጠ። ልብ በል፣ ይህ የአንባቢ ድምፅ ነው፣ የሃያሲ ሚዛን አይደለም። በጽሑፍህ ሁለቱን አታደባልቅ።

ፒክአፕ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። የዝምታው ሥር ከሂሱ በፊት፣ ውሉ ላይ ነው ያለው።

ማናጀሩ ፒተር ግራንት በ1968 መጨረሻ ከአትላንቲክ ሪከርድስ ጋር ሲፈራረም የተወራው ቅድሚያ ክፍያ 143,000 ዶላር ነው፤ አንድም አልበም ላላወጣ ባንድ በዚያ ዘመን ያልተሰማ ገንዘብ። ነገር ግን ከገንዘቡ የሚበልጠው ሌላው አንቀጽ ነው፦ አልበሙ መቼ እንደሚወጣ፣ ሽፋኑ ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ዘፈን በነጠላ እንደሚወጣ፣ ባንዱ የትና መቼ እንደሚጫወት የሚወስነው ባንዱ ራሱ ነው። ከዚህ አንድ ውል ሁለት ነገር ተወለደ።

አንደኛው ጥርጣሬ ነው። በ1969 የአሜሪካ የሮክ ጋዜጠኞች ሮክ ከታች፣ ከሰፈርና ከክለብ መምጣት አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ሮሊንግ ስቶን ራሱ በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው በዚያ መንፈስ ነው። ኩባንያው ባንዱን ገና መድረክ ላይ ሳያየው ይህን ያህል ገንዘብ ከፈለ ሲባል «በማስታወቂያ የተነፋ ሸቀጥ» የሚለው ስም ከሙዚቃው ቀድሞ ደረሰ። የመጀመሪያው አልበም ደግሞ በኦሊምፒክ ስቱዲዮ በ36 ሰዓት ገደማ የተቀዳ፣ ወጪው ከ1,800 ፓውንድ የማይበልጥ ሥራ ነው። ጋዜጠኛው ያየው የውሉን ቁጥር እንጂ የስቱዲዮውን አይደለም።

ሁለተኛው፣ ባንዱ ጋዜጣ የሚመገብበትን ቀዳዳ ሁሉ ለመዝጋት ሥልጣን አገኘ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሳምንታዊ ጋዜጦች ከነጠላ ዜማ ጋር ነው የሚዞሩት፦ ነጠላ ዜማ ይወጣል፣ በዚያ ሳምንት ይገመገማል፣ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል፣ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል፣ ከዚያ ቃለ ምልልስ ይደረጋል። ግራንት እንግሊዝ ውስጥ ነጠላ ዜማ አላወጣም አለ። በ1969 መጨረሻ የአትላንቲክ የለንደን ቢሮ «ሆል ሎታ ላቭ»ን በነጠላ ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ሳለ አስቆመው። አሜሪካ ላይ ግን ያው ዘፈን በነጠላ ወጥቶ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ደግሞ ኩባንያው እየለመነ በነጠላ አልወጣም፤ የፈለገ ሰው ሙሉውን አልበም መግዛት ነበረበት። ቴሌቪዥንም ከ1969 ጥቂት ቀረጻዎች በኋላ ቀረ። ለነገሩ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የ«ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ፕሮግራም በ1970ዎቹ ለዓመታት መክፈቻ ዜማ ያደረገው ሲ ሲ ኤስ የተባለ ባንድ የተጫወተውን የ«ሆል ሎታ ላቭ» ቅጂ ነው። ዘፈኑ በየሳምንቱ ይሰማል፣ ባንዱ አይታይም።

ስለዚህ የኔ ድምዳሜ፦ ቅሬታው እውነተኛ ነው፣ ስልቱ ደግሞ ከቅሬታው ይቀድማል። ሁለቱ 1970 ላይ ተገናኙ። ሦስተኛው አልበም ግማሹ በአኩስቲክ ጊታር ስለሆነ ጋዜጦቹ ክሮስቢ፣ ስቲልስና ናሽን ለመምሰል ሞከሩ አሉ። ፔጅ የመጀመሪያው አልበምም አኩስቲክ ዘፈኖች እንደነበሩበት ማንም አለማስታወሱ አንገበገበውና ለ18 ወር ያህል ለጋዜጣ ቃለ ምልልስ አልሰጠም። እዚህ ላይ ፔጅ ልክ ነበር፤ «ብላክ ማውንቴን ሳይድ»ን የሰማ ሰው በሦስተኛው አልበም ሊደነግጥ አይገባም ነበር።

ከዚያ የ1971 ሽፋን መጣ። ስም የለ፣ የባንዱ መጠሪያ የለ፣ የኩባንያው ምልክት በፊትም በጀርባም የለ፤ በውስጥ አራቱን አባላት የሚወክሉ አራት ምልክቶች ብቻ። የፔጅ ሐሳብ ሙዚቃው ያለ ስም ይመዘን የሚል ነው። አትላንቲክ ይህ የሙያ ራስን ማጥፋት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ባንዱ እስኪስማሙ ድረስ ዋናውን ቴፕ አላስረክብም አለ። ይህን ማድረግ የቻለው በ1968ቱ ውል ነው። ያለዚያ አንቀጽ የፔጅ ቁጣ ቁጣ ሆኖ ይቀር ነበር። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ 24 ጊዜ ፕላቲነም ተመዝግቧል።

ሰናይት ዘ.

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ግን ሚዛኑ ወደ ባንዱ አጋድሏል። ባለ12ክር፣ ጽሑፍህ ጋዜጠኞቹ የት ላይ ልክ እንደነበሩ ካልተናገረ ጎደሎ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ሃያሲዎች ባንዱ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ ያለ አግባብ ይወስዳል ብለው ሲጽፉ እንደ ምቀኛ ተቆጥረው ነበር። ፍርድ ቤትና የአልበም ሽፋን በኋላ ምን አሉ? «ዘ ሌመን ሶንግ» ላይ የብሉዝ ዘፋኙ የሃውሊን ዎልፍ መብት ባለቤት የሆነው አሳታሚ በ1972 ከሶ በስምምነት አለቀ። ዊሊ ዲክሰን ስለ «ሆል ሎታ ላቭ» በ1985 ከሶ በ1987 በስምምነት ተዘጋ፤ አሁን ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ይታተማል። የአን ብሬደን ስም «ቤብ፣ አይም ጎና ሊቭ ዩ» ላይ የገባው በ1990ዎቹ ነው። «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ላይ ጄክ ሆምዝ በ2010 ከሰሰ፣ ያም በስምምነት አለቀ። በሌላ በኩል የ«ስቴርዌይ» ክስ ተሸንፏል፦ በ2016 ዳኞች ለባንዱ ፈረዱ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማርች 2020 አጸናው። ስለዚህ ሁሉንም ክስ በአንድ ከረጢት አትክተት፤ አንዳንዱ የተረጋገጠ ነው፣ አንዳንዱ ወድቋል። ብሉዝ ውስጥ ግጥምና ዜማ መወራረስ የነበረ መሆኑ ደግሞ መታወስ አለበት። ችግሩ መውረሱ አይደለም፣ ስምና ክፍያውን ለራስ ማስመዝገቡ ነው። ሃያሲዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት በትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር፤ የጎደላቸው ማስረጃ ቆጥሮ ማቅረብ ነው። «አዲስ ነገር የለውም» ብሎ ማለፍና «ይህ ስንኝ ከዚህ ዘፈን የተወሰደ ነው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሌላው የጋዜጠኞች ደኅንነት ነው። ጋዜጠኛዋ ኤለን ሳንደር በ1969 ለላይፍ መጽሔት ልትጽፍ ከባንዱ ጋር ተጉዛ ነበር። በጉዞው ማብቂያ ልትሰናበት ስትሄድ ሁለት የባንዱ አባላት እንዳጠቋት፣ ልብሷንም እንደቀደዱት፣ ያስጣላትም ግራንት እንደሆነ በ1973 ባወጣችው መጽሐፍ ጽፋለች። ለላይፍ የታሰበው ጽሑፍ አልወጣም። ይህን ለብዙ ዓመታት «የሮክ ሕይወት» እያሉ ያለፉ ብዙ ናቸው። ስለ «ባንዱና ጋዜጠኞች ጠብ» ስትጽፍ ጠቡን የጀመሩት ጋዜጠኞች ብቻ እንደሆኑ አድርገህ ማቅረብ የሴቲቱን ምስክርነት መሰረዝ ነው። በግርጌ ማስታወሻ ሳይሆን በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መግባት አለበት።

ባለ12ክር

እጅግ አመሰግናለሁ። ሰናይት፣ የሳንደርን ነገር በዋናው ክፍል አስገባዋለሁ። ሁለት ተጨማሪ፦ ከ1973 በኋላ ባንዱ አቋሙን ለወጠ የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? ስለ ማኅደር ፍለጋው ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም።

የሸክላ ጠርዝ

ለወጠ፣ ግን በራሱ መንገድ። በ1972 የበጋ ወራት ሮሊንግ ስቶንስ (ባንዱ እንጂ መጽሔቱ አይደለም) በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሲዞሩ የጋዜጣው ቦታ ሁሉ ለእነሱ ሆነ። ዜፕሊን አዳራሹን እየሞላ ማንም አልጻፈለትም። ይህ ካናደዳቸው በኋላ ነው ለ1973 ጉዞ ዳኒ ጎልድበርግ የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የያዙት።

የጎልድበርግ ሥራ ሊጠና የሚገባው ነው። ሃያሲዎቹን ለማሳመን አልደከመም፤ ዞሯቸው ሄደ። ሜይ 5 ቀን 1973 ታምፓ ስታዲየም ውስጥ 56,800 ሰው ትኬት ቆርጦ ገባ፤ ገቢው 309,000 ዶላር ነበር። ቢትልስ በ1965 ሺአ ስታዲየም ላይ ያስመዘገቡት 55,600 ገደማ ነው። «የቢትልስ ክብረ ወሰን ተሰበረ» የሚለው ዜና ሃያሲ አያስፈልገውም፤ ማንኛውም ዕለታዊ ጋዜጣ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ያትመዋል። ቦይንግ 720 የሆነው የባንዱ አውሮፕላን «ስታርሺፕ» ፎቶም እንደዚሁ ተሠራበት። አንድ ጥንቃቄ፦ ክብረ ወሰኑ የአንድ ባንድ ብቻ ኮንሰርትን የሚመለከት ነው። ዉድስቶክን የመሰሉ ፌስቲቫሎች ብዙ እጥፍ ሰው ነበራቸው፤ «በታሪክ ትልቁ ኮንሰርት» ብለህ ከጻፍክ ይታረምብሃል።

ሮሊንግ ስቶን ባንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የፊት ገጹ ላይ ያወጣው ማርች 13 ቀን 1975 ነው። ከመጀመሪያው አልበም ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ጸሐፊው ካሜሮን ክሮው ገና 17 ዓመቱ ነበር። ፔጅ ለመጽሔቱ አልናገርም ብሎ ከቆየ በኋላ የተረታው በክሮው ምክንያት ነው፤ ልጁ ሙዚቃውን ስለሚወድ ጥያቄው የሚመጣው ከዘፈኖቹ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት በጁን ክሮዳዲ የተባለው መጽሔት ደራሲውን ዊልያም በሮውዝን ልኮ ከፔጅ ጋር አነጋገረው። ጋዜጠኛዋ ሊዛ ሮቢንሰንም ከ1973 ጀምሮ ከእነሱ ጋር እየተጓዘች ትጽፍ ነበር። በሩ የተከፈተው ባንዱ ላመናቸው ጥቂት ሰዎች ነው፣ ለሙያው በጠቅላላ አይደለም።

በ1977 ጉዞ በሩ መልሶ ጠበበ። የክሪም መጽሔቷ ጃን ዩኸልስኪ ለጋዜጠኞች የተሰጡትን ደንቦች ጽፋዋለች፦ የባንዱ አባል ቀድሞ ካላናገረህ አታናግረው፤ ለገዛ ደኅንነትህ ስትል ከበሮ መቺውን ጆን ቦናምን ዓይን ለዓይን አትመልከት፤ ቃለ ምልልስ ካልሆነ ቴፕህን አትክፈት፤ ከሙዚቃ ውጭ ምንም አትጠይቅ፤ ባንዱ የምትጽፈውን እንደሚያነብ እወቅ። ለእኔ ትልቁ የመጨረሻው ነው። የጋዜጣ ግድ የለንም ይሉ የነበሩት ሰዎች እያንዳንዱን መስመር ያነቡ ነበር።

በዚያው ዓመት ጁላይ 23 ኦክላንድ ላይ የኮንሰርት አዘጋጁ የቢል ግራሃም ሠራተኛ ተደብድቦ ግራንትና ቦናም ጭምር ታሰሩ፤ በሦስተኛው ቀን የፕላንት ትንሽ ልጅ ካራክ ሞተ። ጋዜጦቹ ነገሩን ከፔጅ የአስማት ፍላጎት ጋር አያይዘው «እርግማን» ማለት ጀመሩ። የሙዚቃ ጋዜጣ ከዚህ የከፋ ነገር ጽፎ አያውቅም ብዬ ነው የማምነው፤ አንድ ሕፃን በሕመም መሞቱን ለታሪክ ማጣፈጫ ማድረግ ነውር ነው። እነዚያን ገጾች ስትጠቅስ የማን ጽሑፍ እንደሆነና የትኛው ጋዜጣ እንደሆነ በስም ለይ፤ «ፕሬሱ አለ» ብለህ አትለፍ።

እንግሊዝም በዚያን ጊዜ ተለውጣለች። ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1976 ወጣት ጸሐፊዎች ፈልጎ ጁሊ በርቺልንና ቶኒ ፓርሰንስን ቀጠረ፤ ፐንክ መጣ፣ የ1960ዎቹ ባንዶች ሁሉ «ዳይኖሰር» ተባሉ። ይህ የትውልድ ጠብ ነው፤ ከ1969ኙ የውልና የጥርጣሬ ጠብ ጋር አንድ ምዕራፍ ውስጥ አትክተተው።

ማኅደር

ስለ ፍለጋው እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ ሠንጠረዥ ክፈት። ዓምዶቹ፦ ሥራው የወጣበት ቀን፣ እትሙ ላይ ያለው ቀን፣ ጋዜጣው፣ አገሩ፣ ጸሐፊው፣ የጽሑፉ ዓይነት፣ አቋሙ፣ ዋናውን ገጽ ያየህ መሆን አለመሆንህ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ምንም ነገር አትጥቀስ።

«የጽሑፉ ዓይነት» የሚለውን በጥንቃቄ ሙላ፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። የአልበም ሂስ፣ የኮንሰርት ዘገባ፣ ቃለ ምልልስ፣ የአንባቢ ምርጫ፣ የአንባቢ ደብዳቤና የኩባንያ ማስታወቂያ ስድስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢልቦርድ፣ ካሽ ቦክስና ሪከርድ ወርልድ የንግድ መጽሔቶች ናቸው። አጫጭር ግምገማቸው የሚጻፈው ለሱቅ ባለቤትና ለሬዲዮ ጣቢያ ሰው ነው፤ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም የሚለውን ነው የሚናገሩት። የእነሱን ሙገሳ «ሃያሲዎች ወደዱት» ብሎ መቁጠር አይቻልም። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ እዚያው እትም ውስጥ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ መጽሔት ላይ የታተመው ቀን ለገበያ ከወጣበት ቀን ወደፊት የተገፋ ነው። ሜሎዲ ሜከርና ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ ሳምንታዊ ስለሆኑ ልዩነቱ ጥቂት ቀን ነው። ሮሊንግ ስቶን በየሁለት ሳምንቱ፣ ክሪም በየወሩ ይወጡ ስለነበር ክፍተቱ ይሰፋል። ጸሐፊው ሸክላውን የሰማው ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። «ሂሱ ከወጣ በኋላ ሽያጩ እንዲህ ሆነ» ልትል ከሆነ ይህን ክፍተት ሳትቆጥር አትናገር።

የት ይገኛል? ወርልድ ሬዲዮ ሂስትሪ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የቢልቦርድ፣ የሜሎዲ ሜከርና የሌሎችም ሙሉ እትሞች ስካን ሆነው በነፃ አሉ። ሮክስ ባክፔጅስ በክፍያ ነው፤ ጽሑፎቹን በጸሐፊ ስም ለመፈለግ ይመቻል፣ ግን ጽሑፉ እንደገና የተተየበ ስለሆነ ገጹ ላይ ፎቶው የት እንደነበረ፣ አጠገቡ ምን ማስታወቂያ እንደነበረ አያሳይም። ሮሊንግ ስቶን በ2007 ያን ጊዜ ድረስ ያሉትን እትሞች ሁሉ በዲቪዲ አውጥቶ ነበር፤ ገጹን እንደታተመ ያሳያል። የሚከፈተው በራሱ ፕሮግራም ስለሆነ በአሁን ኮምፒውተር ሊያስቸግርህ ይችላል፤ አሮጌ ማሽን ያለው ቤተ መጻሕፍት ካለ ይሻላል። የእንግሊዝ ሳምንታዊ ጋዜጦች በወረቀትና በማይክሮፊልም ብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ።

ፍለጋው ላይ የሚያጋጥምህ ዋና መከራ የአባላቱ ስም ነው። «ፔጅ» ብለህ ስትፈልግ የገጽ ቁጥር ያለበት ሁሉ ይመጣል፤ «ፕላንት» ስትል የሸክላ ፋብሪካ ዜና ይጎርፋል፤ «ጆንስ» ስትል ደግሞ ግማሽ እንግሊዝ ይመጣል። የሚያዋጣህ «ቦናም» ነው፤ ሌላ ቦናም እምብዛም የለም። ከዚያ «ዜፕ» የሚለውን በአንድ ፒና በሁለት ፒ አጻጻፍ ለየብቻ ሞክር፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች ርዕስ ላይ የሚያሳጥሩት እንዲህ ነው። ስካን የተደረገው ወረቀት ከደበዘዘ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ያሳስታል፤ አልበሙ ከወጣበት ሳምንት ጀምሮ ስምንት እትም ያህል በዓይንህ ግለጥ። ሌላ መንገድ የለውም።

አራተኛው አልበም ለብቻው ራስ ምታት ነው። ስም ስለሌለው እያንዳንዱ ጋዜጣ የራሱን ስም አውጥቶለታል፦ «አራቱ ምልክቶች»፣ «ሩኖች»፣ «ዞሶ»፣ «ርዕስ አልባ»፣ «አራተኛው»፣ ወይም ባንዱን ብቻ። አትላንቲክ ምልክቶቹን በተለያየ መጠን አዘጋጅቶ በሰንጠረዥና በጽሑፍ ውስጥ እንዲያስገቡ ለጋዜጦች አሰራጭቶ ነበር፤ እንዲህ የታተመ ገጽ ላይ በፊደል ፍለጋ ምንም አታገኝም። ለዚህ አልበም ከኖቬምበር 8 ቀን 1971 ጀምሮ ያሉትን የሂስ ዓምዶች ገጽ በገጽ እይ። ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታትም አንድ አንድ ምልክት ብቻ የያዙ ማስታወቂያዎች አሉ፤ ምን እንደሆኑ ሳታውቅ እንዳታልፋቸው።

ሌላው ወጥመድ የተደጋገመ ቃለ ምልልስ ነው። አንድ ጋዜጠኛ ከፕላንት ጋር የተነጋገረውን ለእንግሊዝ ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ለአሜሪካ ወርሃዊና ለካናዳ ዕለታዊ ይሸጠዋል፤ እያንዳንዱ አርታኢ ሌላ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። አንተ ሦስት ምንጭ ያገኘህ ይመስልሃል፣ ያለህ ግን አንድ ነው። በጸሐፊው ስም ደርድራቸውና ተመሳሳይ መልሶቹን አስተያያቸው።

በመጨረሻ ስለ መጻሕፍቱ። በ1985 የወጣው ዝነኛው የእስጢፈን ዴቪስ መጽሐፍ በብዛት የተመሠረተው በጉዞ አስተዳዳሪው በሪቻርድ ኮል ትውስታ ላይ ነው፤ አባላቱም ብዙውን ተቃውመዋል። ቀን፣ ቦታና ጥቅስ ከእሱ አትውሰድ፤ ጥሩ ጥቆማ ግን ይገኝበታል፣ ጋዜጣው ላይ ሄደህ ካረጋገጥከው።

ፒክአፕ

ማኅደር ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሮሊንግ ስቶን በ2003 ባወጣው የ500 ምርጥ አልበሞች ዝርዝር የመጀመሪያውን አልበም 29ኛ፣ አራተኛውን 66ኛ አድርጎታል። ብዙ ሰው ይህን «መጽሔቱ ስህተቱን አመነ» ብሎ ይጠቅሰዋል። ዝርዝሩ የተሠራው ከመላው የሙዚቃ ዓለም ከተጠየቁ ሙዚቀኞችና ጸሐፊዎች ድምፅ ነው፤ የ1969 አዘጋጆች ሐሳብ መለወጥ አይደለም። በሠንጠረዥህ ውስጥ ለብቻው ረድፍ ስጠው።